የባልንጀራ ኃይል በወጣቶች ጠባይና ትምህርት ላይ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

ልጅ በሕፃንነቱ እናትና አባቱ የነገሩትን ሁሉ እንደ ሕግ ይቀበላል። ዕድሜው ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት በሞላ ጊዜ ግን የአባቱን ምክር ከመስማት ይልቅ የባልንጀራውን ፊት ማየት ይጀምራል። የልብሱን ዐይነት፥ የጠጕሩን አቈራረጥ፥ የአነጋገሩን ስልት፥ በመጨረሻም ስለ ትምህርት ያለውን ዐሳብ ሳይቀር ከእኩዮቹ ይቀዳል። ወላጅም ይህን ሲያይ «ልጄን ባልንጀሮቹ አበላሹብኝ» ብሎ ያዝናል። የሚያስገርመው ግን በዚያው ሰፈር፥ በዚያው ምሽት፥ የባልንጀራው ወላጅም ያንኑ ቃል መናገሩ ነው። ሁሉም ልጆች በሌላው ልጅ የተበላሹ ከሆነ እንግዲህ አበላሹ ማን ነው? ዛሬ ልናብራራላችሁ የምንወደው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የዕድሜ እኩዮች በወጣቶች ጠባይና ትምህርት ላይ ያላቸው ኃይል ከምን እንደሚመነጭ፥ እስከ ምን እንደሚደርስ፥ ወላጅና መምህርም ይህን ኃይል ለበጎ ነገር እንዴት ሊያውሉት እንደሚችሉ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከብዙ ዘመን በፊት ዐውቀውታል። «ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ» የሚለው አነጋገር በሰው ሁሉ አፍ ያለ ነው። ከአህያ ጋር የዋለችውን ጊደር ተረትም ሁላችን ስለምናውቀው እስከ መጨረሻው መድገም አያስፈልገንም። ነገር ግን ተረቱ የሚነግረን የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው። ጊደሪቱ ከአህያዋ ክፉ ልማድ መማሯን ይነግረናል እንጂ፥ ስለ ምን እንደ ተማረች፥ ደግሞም ከመልካም ባልንጀራ ጋር ብትውል ኖሮ መልካሙን ትማር እንደ ሆነ አይነግረንም። የባልንጀራ ኃይል እንደ ወንዝ ውሃ ነው፤ ቦይ የቀደዱለት እንደ ሆነ መስኩን ያለማል፥ ቦይ ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል።

ለዚህም ምስክር የሚሆነን በአገራችን ጥንታዊ ትምህርት ቤት ያለው ሥርዐት ነው። የቆሎ ተማሪ ከእናትና ከአባቱ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ በየደጁ ለምኖ እየበላ ብዙ ዓመት በትምህርት ይጸናል። እንዲህ ያጸናው የመምህሩ ቍጣ ብቻ አይደለም። የኔታ ለእያንዳንዱ ደቀ መዝሙር የሚበቃ ጊዜ ስለማይኖራቸው፥ በትምህርቱ የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናዋል፤ ጎጆውን አብረው ይሠራሉ፤ ከልመና ያገኙትን አብረው ይበላሉ። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ማኅበር ውስጥ የሚከበረው ዜማ የዘለቀው፥ ቅኔ የተቀኘው ነው። ስለዚህ የባልንጀሮቹን ከበሬታ የሚሻ ወጣት ሁሉ ከበሬታውን የሚያገኝበት መንገድ ትምህርቱ ብቻ ነው። አድማጮቻችን ይህችን ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ የንግግራችን ቍልፍ እርስዋ ናትና። ወጣት ባልንጀራውን የሚከተለው ባልንጀራው መልካም ወይም ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ በእኩዮቹ ዘንድ ከበሬታ የሚያስገኘው ነገር የት እንዳለ እያየ ነው።

አሁን ደግሞ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በምርመራ ያገኙትን እንመልከት። የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጆች አቈጣጠር እንሰጣለን። በ1951 ሰሎሞን አሽ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ አንድ ቀላል ፈተና አዘጋጀ። በአንድ ካርድ ላይ አንድ መሥመር፥ በሌላው ካርድ ላይ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት መሥመሮች ተሥለው፥ ከሦስቱ ከፊተኛው ጋር እኩል የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ተማሪዎች ይጠየቃሉ። ልዩነቱ ለሕፃን እንኳ ግልጥ ነበር። ነገር ግን በክፍሉ ከተቀመጡት መካከል እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ሲሆን፥ የቀሩት ከመርማሪው ጋር አስቀድመው የተስማሙ ነበሩና ሁሉም በአንድ ቃል የተሳሳተውን መሥመር ይናገሩ ነበር። ከተፈታኞቹ ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዐይናቸው ያየውን ትተው የብዙኃኑን ስሕተት ተከተሉ። እነዚህ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ ያስገደዳቸው፥ የዛተባቸው ወይም ጉቦ የሰጣቸው ማንም አልነበረም። ብቻቸውን በተጠየቁ ጊዜ ግን ከቶ አይሳሳቱም ለማለት ይቻላል።

ይኸው ሊቅ ከዚያ በኋላ ያደረገው ለውጥ ለወላጆች ሁሉ ትልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር አደረገ። በዚህ ጊዜ ተፈታኙ ብዙኃኑን መከተሉን በአብዛኛው ተወ። አንድ ብቻ አጋር ማግኘቱ የብዙዎችን ኃይል ሰበረው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ምርመራ የወጣትነትን ዕድሜ የሚመለከት ነው። በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ መርማሪዎች 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክፍል መድበው በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫወቷቸው። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ማቆም ወይም አደጋውን ንቆ ማለፍ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ብቻቸውን በተጫወቱ ጊዜ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ወጣቶች ከዐዋቂዎቹ ያን ያህል የተለዩ አልነበሩም። ባልንጀሮቻቸው አጠገባቸው ቆመው ባዩአቸው ጊዜ ግን ወጣቶቹ የሚደፍሩት አደጋ እጅግ ጨመረ፤ በዐዋቂዎቹ ላይ ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። ከስድስት ዓመት በኋላም በተደረገ ሌላ ምርመራ፥ ወጣት በባልንጀሮቹ መታየቱን ባወቀ ጊዜ ደስታን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ይበልጥ እንደሚነቃ ታወቀ። ስሜትን የሚገታውና የነገን የሚያስበው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ ገና እየበሰለ የሚሄድ ነው። ስለዚህ በቤቱ ጨዋና አስተዋይ የሆነ ልጅ በባልንጀሮቹ መካከል ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ፥ ወላጁ «ሲያታልለኝ ኖሯል» ማለት አይገባውም። ሁለቱም ጠባይ የልጁ ነው፤ የሚለያያቸው አጠገቡ ያለው ዐይን ነው።

በቀድሞ ጊዜ ይህ ዐይን በሰፈር በር ላይ ይቀር ነበር። ልጁ ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ የባልንጀሮቹም ኃይል እስከ ነገ ያርፍ ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ስልኩ አማካይነት ማኅበሩ ሁሉ ተከትሎት ይገባል፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ከአልጋው ድረስ ይደርሳል። በ2016 በወጣ አንድ የአሜሪካ ምርመራ፥ ወጣቶች አንድን ፎቶግራፍ የሚወዱት ሌሎች ብዙ እኩዮቻቸው እንደ ወደዱት ቍጥሩን ሲያዩ መሆኑ ተረጋግጧል። ሥዕሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ከሥሩ የተጻፈው ቍጥር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር ወጣቶች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ቢመስላቸውም፥ አለመተዋወቃቸው ነው። በ1986 ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትስ በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን ስለ መጠጥ በጠየቋቸው ጊዜ፥ አብዛኞቹ ራሳቸው ልከኛነትን ሲመርጡ፥ ሌላው ተማሪ ግን ብዙ መጠጣትን የሚደግፍ ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ በተደረገ ምርመራ ይኸው ስሕተት ተገኝቷል። በእኛም ከተሞች ቢሆን አንድ ወጣት ከትምህርት ቤት በኋላ ጫት ወደሚቃምበት ቤት ሲገባ፥ «ሁሉም ይቅማል፤ እኔ ብቻ ብቀር ፋራ እባላለሁ» ብሎ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተቀመጠውም ልጅ ያንኑ እያሰበ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አንዳቸውም በሙሉ ልብ ያልፈለጉትን ነገር ሁሉም በአንድነት ያደርጉታል። ቀደም ብለን አበላሹ ማን ነው ላልነው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው፤ አበላሹ ሁልጊዜ አንድ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይናገር የሁሉንም ልብ የሚያስፈራው የጋራ ግምት ነው።

ወደ ትምህርቱ ጕዳይ ስንገባ፥ «ፋራ»ና «አራዳ» የሚሉት ሁለት ቃላት በከተማችን ልጆች ዘንድ ያላቸው ኃይል ከብዙ ደንብና መመሪያ የበለጠ መሆኑን እናያለን። ተግቶ የሚያጠናው ልጅ «ሸምዳጅ» ይባላል፤ ከክፍል የሚፎርፈው ደግሞ ጀግና ይመስላል። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ጄምስ ኮልማን በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ በኢሊኖይ ግዛት የሚገኙ ዐሥር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ፥ ወንዶቹ ልጆች በትምህርት ቤታቸው በጎበዝ ተማሪነት ከመታወስ ይልቅ በስፖርተኛነት መታወስን እንደሚመርጡ አሳይቷል።

ከዚህም የጠለቀውን ነገር ሊዮናርዶ ቡርስቲንና ሮበርት ጄንሰን በ2015 አወጡት። በሎስ አንጀለስ ከተማ ለሚገኙ ተማሪዎች ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ ነጻ ትምህርት እንዲመዘገቡ ቅጽ ታደላቸው። ለከፊሎቹ ምርጫቸው ከክፍል ጓደኞቻቸው ተሰውሮ እንደሚቀር፥ ለከፊሎቹ ግን ጓደኞቻቸው እንደሚያውቁት ተነገራቸው። በመደበኛው ክፍል የተቀመጡት ተማሪዎች ምርጫቸው የሚታወቅ መሆኑን ሲሰሙ የተመዝጋቢው ቍጥር ከመቶ 11 ያህል ነጥብ ዝቅ አለ። በብርቱ ተማሪዎች ክፍል ግን ይህ አልሆነም። በሁለቱም ዐይነት ክፍል እየተመላለሰ የሚማረው ተማሪ ደግሞ በዚያች ሰዓት እንደ ተቀመጠበት ክፍል ይለዋወጥ ነበር። ልጁ አንድ፥ ዕውቀቱም አንድ፥ የሚሰጠውም ትምህርት ያለ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱ የሚመለከቱት እኩዮቹ ማን መሆናቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አድማጭ «ሰነፍ ሰነፍን ይመርጣል፥ ብርቱም ብርቱን፤ ታዲያ ባልንጀራው ለወጠው ወይስ ቀድሞም መሰሉን ፈልጎ ተጠጋው?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ተመራማሪዎችንም ብዙ ጊዜ ያስቸገረ ነው። ይህን ለመለየት የሚቻለው ልጁ ባልንጀራውን ሳይመርጥ በዕጣ በተሰጠው ጊዜ ነው። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ አዲስ ተማሪዎችን በመኝታ ክፍል የሚመድበው በዕጣ ነበርና፥ ብሩስ ሳሰርዶት የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ2001 ይህንኑ መርምሮ አወጣ። የክፍል ተጋሪ በጓደኛው የፈተና ነጥብና በማኅበር አገባቡ ላይ ኃይል እንዳለው፥ ነገር ግን በሚመርጠው የትምህርት ዐይነት ላይ ይህ ኃይል እንደማይታይ አገኘ። በ2008 ደግሞ ማይክል ክሬመርና ዳን ሌቪ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ምርመራ፥ ቀድሞ መጠጥ ከለመደ ልጅ ጋር በዕጣ የተመደቡ ወንዶች ተማሪዎች ነጥባቸው በአማካይ ሩብ ነጥብ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳዩ። እንግዲህ ባልንጀራ በእውነት ይለውጣል፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር አይለውጥም። የዕለት ልማድን ይለውጣል፤ የልብን ዝንባሌ ግን በቀላሉ አይነካም።

ይህ ከሆነ «ሰነፎቹን ከብርቱዎቹ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ ነዋ!» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ የአየር ኃይል አካዳሚም የታሰበው ይኸው ነበር። መርማሪዎቹ የቀድሞ ተማሪዎችን መዝገብ አገላብጠው ደካሞቹ ከብርቱዎቹ ጋር ሲሆኑ እንደሚጠቀሙ ካረጋገጡ በኋላ፥ አዲሶቹን ተማሪዎች በዚያው ስሌት መደቧቸው። በ2013 የወጣው ውጤት ግን ከታሰበው ተቃራኒ ሆነ፤ ሊረዷቸው የታሰቡት ደካሞች ከፊተኛው ይልቅ ወደ ኋላ ቀሩ። ምክንያቱ ሲመረመር በአንድ ጓድ የተቀላቀሉት ብርቱዎችና ደካሞች በልባቸው ሳይቀላቀሉ ቀርተው፥ ብርቱው ከብርቱው፥ ደካማውም ከደካማው ጋር ለየብቻ ገጥሞ ተገኘ። ሹም ሰዎችን በአንድ አግዳሚ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ባልንጀርነትን ግን ሊያዝ አይችልም።

ከጎረቤታችን ከኬንያም ትምህርት እናገኛለን። ኤስተር ዱፍሎ፥ ፓስካሊን ዱፓና ማይክል ክሬመር በምዕራብ ኬንያ በሚገኙ 121 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ምርመራ በ2011 አሳተሙ። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ እንደ ዕውቀታቸው በሁለት ክፍል ተለዩ፤ በግማሾቹ በዕጣ ተደለደሉ። በዕውቀት በተለዩት ዘንድ ብርቱዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ደካሞቹም ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ መምህሩ ትምህርቱን ለተማሪዎቹ መጠን አድርጎ ሊሰጥ ችሏልና። ከዚህ የምንረዳው የእኩዮች ኃይል በራሱ ብቻውን የሚሠራ አለመሆኑን ነው፤ መምህሩ ማንን እያየ እንደሚያስተምርም ጭምር ይወስነዋል።

በአገራችንም በ2000ዎቹ ዓመታት ተማሪዎች «አንድ ለአምስት» በሚባል አደረጃጀት በብርቱ ተማሪ መሪነት እንዲረዳዱ ተደርጎ ነበር። ዐሳቡ ከጥንቱ ትምህርት ቤት ልማድ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ማኅበሩ በስም ዝርዝር ብቻ በቆመበት ቦታ፥ ብርቱው ልጅ ሥራውን ብቻውን ሠርቶ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ የሚል ቅሬታ ይሰማ ነበር። የቆሎ ተማሪዎችን ያስተሳሰራቸው የጋራ ጎጆና የጋራ ረኃብ ነው፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ጓድ ግን ይህን ሊተካ አይችልም።

የባልንጀራ ኃይል በትምህርት ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት ከኩረጃ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በብዙ ተማሪዎች ዘንድ የፈተና ወረቀቱን ለጓደኛው ያላሳየ «ንፉግ» ተብሎ ይነቀፋል፤ አጤሬራ ይዞ የገባው ሳይሆን የተናገረበት ይወቀሳል። እንግዲህ ልጁ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ወይ ሕጉን መጠበቅ፥ ወይ ባልንጀሮቹን መጠበቅ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱና የኮቪድ ወረርሽኝ፥ የመምህራንና የመጻሕፍት ጕድለት ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን በልጆቹ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ከጓደኛው ወረቀት እየገለበጠ ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈ ልጅ፥ ብቻውን በተቀመጠባት ቀን የሚጽፈው እንደማይኖረው ግልጥ ነው። በርኅራኄ ወረቀቱን ያሳየው ባልንጀራ ጓደኛውን የረዳው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የጐዳው እርሱ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የችግሩን ጠባይ ከተረዳን ዘንድ ምን ማድረግ እንደሚገባን ባጭሩ እንናገር።

አንደኛ፤ ወላጅ የልጁን ባልንጀሮች ከመሳደብና ከቤቱ ከማባረር አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል። የልጁን ጓደኛ «ዱርዬ» ብሎ የሰደበ አባት ልጁን ከጓደኛው አይለየውም፤ ጓደኝነቱን ወደ ማያየው ስፍራ ይሰደዋል እንጂ። ጓደኞቹ ወደ ቤት ቢጠሩ፥ ከማዕዱ ቢቀመጡ፥ ስማቸውና የወላጆቻቸው ስም ቢታወቅ፥ ያ የሚፈራው ማኅበር በዐዋቂ ዐይን ሥር ይውላል። የቡና ሥርዐታችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ከተነጋገረም «የእገሌ እናት ፈቅዳለች» የሚለው የልጆች ዘዴ ኃይሉን ያጣል።

ሁለተኛ፤ ለልጁ ብዙ መልካም ባልንጀሮች መፈለግ አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃዋል። ከፍ ብለን በሰሎሞን አሽ ምርመራ እንዳየነው እውነቱን የሚናገር አንድ አጋር ያገኘ ሰው ለብዙዎች አይንበረከክም። አብሮ የሚያጠና፥ «እኔም አልሄድም» የሚል አንድ አብሮ አደግ ከዐሥር ምክርና ከሃያ ቍጣ ይሻላል። ወላጅ እንዲህ ያለውን ጓደኝነት ባገኘ ጊዜ በጊዜና በትራንስፖርት ገንዘብም ቢሆን ሊደግፈው ይገባል።

ሦስተኛ፤ መምህር የተማሪውን ነገር በአደባባይ ከማድረግ ይጠንቀቅ። ደካማውን በክፍሉ ፊት ማሳፈር ልጁን ወደ ትምህርት አያቀርበውም፤ ስንፍናውን እንደ ጌጥ አድርጎ እንዲለብሰው ያደርገዋል እንጂ። ትርፍ ትምህርት የሚያስፈልገውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ መንገር፥ ዝርዝሩንም በግድግዳ ላይ አለመለጠፍ፥ ያለ አንዳች ወጪ የሚፈጸም ጥበብ ነው። እንደዚሁም ያጠፋ ሁሉ ያለ ልዩነት «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመሰሎቹ ጋር እንዲውል መተው፥ ጥፋትን ከጥፋት ጋር ማሠልጠን ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በ1939 የተጀመረ አንድ ትልቅ የወጣቶች እርዳታ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባለች ሊቅ ስትመረምረው ከጥቅሙ ይልቅ ጕዳቱ የበዛ ሆኖ ተገኘ፤ ይበልጡንም የተጐዱት ከእኩዮቻቸው ጋር ወደ ክረምት ሰፈር ደጋግመው የተላኩት ነበሩ።

አራተኛ፤ ትምህርት ቤት ደንቡን በዳይሬክተሩ ቃል ብቻ ከሚያስነግር፥ ልጆቹ ራሳቸው የሚያከብሯቸውን ልጆች ቢያስተባብር ይሻለዋል። በ2016 ኤሊዛቤት ሌቪ ፓለክና ጓደኞችዋ በኒው ጀርሲ ግዛት በ56 ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ምርመራ አሳትመዋል። በተመረጡት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ተማሪዎች ጠብንና ማዋከብን በግልጥ እንዲቃወሙ ተደርጎ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በመዝገብ የገባው የተማሪዎች ጠብ በ30 በመቶ ቀነሰ። ሥራው እጅግ የተሳካው በእኩዮቻቸው ዘንድ የሚታዩትና የሚከበሩት ልጆች በገቡበት ቦታ ነው። እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ በነጥብ የላቁት አይደሉም፤ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ የሚከቧቸው ናቸው። መምህር እነርሱን ፈልጎ አደራ ቢሰጣቸው የወንዙን ቦይ ቀደደ ማለት ነው።

አምስተኛ፤ ሕግም የራሱ ድርሻ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን ለልጅ የሚሸጠውን ነጋዴ «ይህ ሕግ ነው» ብሎ የሚያስታውሰው የሰፈሩ ሰው ካልሆነ፥ ዐዋጁ ከወረቀቱ ላይ ወርዶ በየሱቁ ሊቆም አይችልም።

በመጨረሻም ስለ እኛ ስለ ዐዋቂዎቹ አንድ ቃል ብንጨምር አድማጮቻችን እንደማይቀየሙን እናምናለን። የባልንጀራ ኃይል በዐሥራ ስምንት ዓመት የሚያበቃ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም በሦስት ሰዓት ሲገባ በሁለት ተኩል የሚገባው ሠራተኛ «ሹም ሊወደድ ነው» ይባል የለምን? ባለጕዳይን ሳያመላልስ የሚያሰናብተው ጸሐፊ በጓደኞቹ ዘንድ እንደ ሞኝ የሚታይበት ጊዜ የለምን? እኛም ዐይናችን ያየውን ትተን የብዙዎቹን መሥመር የምንከተልበት ቀን ጥቂት አይደለም። ማታ ቤታችን ገብተን ልጃችንን «ባልንጀሮችህ ቢያጠፉ አንተ ስለ ምን አጠፋህ?» ስንለው፥ ልጁ ስለ መሥሪያ ቤታችን በእራት ሰዓት የተናገርነውን ሁሉ ሲሰማ እንደ ኖረ ማስታወስ ይገባናል።

እንግዲህ ልጆቻችንን ከባልንጀራ ልናርቃቸው አንችልም፤ ብንችልም አይበጃቸውም። ሰው በሰው መካከል የሚያድግ ፍጥረት ነውና። የሚቻለን ነገር በእኩዮቻቸው መካከል ምን እንደሚያስከብር መለወጥ፥ ለእያንዳንዱም ልጅ እውነቱን ሲናገር ብቻውን እንዳይቀር አንድ አጋር ማስገኘት ነው። ያ አንዱ አጋር በትምህርት ቤት የዕድሜ እኩያው ሊሆን ይችላል፤ በቤት ውስጥ ግን አስቀድሞ ወላጁ መሆን ይገባዋል።

ለዛሬው ንግግራችን ይህ ይብቃን።